እህቱ የመሰከረችበት

ወይዘሮ ስንታየሁ የልጃቸው ድምፅ ከቴሌቪዥኑ ሲወጣ የያዙትን ሁሉ ጥለው ድምፁን ከፍ ያደርጋሉ። ሽንኩርት እየከተፉም ቢሆን፣ እንግዳ ተቀምጦም ቢሆን፣ ዜናው ስለ በቆሎ ተምች ቢሆንም ለእሳቸው ያው ነው፤ ልጄ ተናገረች፣ አገር ይስማ ነው ነገሩ። የዚያን እሑድ ጠዋትም፣ ቅዳሜ ማታ የተላለፈው ፕሮግራም በድጋሚ ሲጀምር፣ እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠርገው ሪሞቱን አነሱና ጎረቤት እስኪሰማ ከፍ አደረጉት። ማታ በሰፈሩ መብራት ስላልነበረ ፕሮግራሙን እቤታቸው ማንም አላየውም ነበር። አይናለም ጓዳው በር ላይ ቆማ ፀጉሯን ትጎነጉናለች። የራሷን ድምፅ ከሳጥን ውስጥ መስማት ከለመደች ቆይታለች፤ «ኧረ እማዬ ቀንሺው» ማለቱ ራሱ ሰልችቷታል።

ታናሽ ወንድሟ አሸብር ሶፋው ጫፍ ላይ፣ አዲሱ ነጭ ሸሚዙ እንዳይጨማደድበት ቀጥ ብሎ ተቀምጧል። ሸሚዙን በሁለት ሺህ ብር ገዝቶታል፤ ሻጩ የሱዳን ዕቃ ነው ብሎት፣ እሱም አምኖ። በጋምቤላ ሙቀት፣ ያውም በሚያዝያ፣ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር እስከ አንገት ቆልፎ መቀመጥ የጤና አይደለም፤ ግን ዛሬ ሽማግሌ የሚላክለት ሰው ነው። መምህር መልአኩና ሁለት የሰፈር አዛውንቶች ከቅዳሴ ሲወጡ በቀጥታ ወደ ቤርሳቤ አባት ቤት ሊሄዱለት ተስማምተዋል። አንተ ለማትሄድበት ለምን ለበስከው ብለው እናቱ ቢጠይቁት «እንዲያው» ብሎ አቀረቀረ። ቤርሳቤ ፋርማሲ ውስጥ የምትሠራ ልጅ ናት፤ ሁለት ዓመት ጠብቃዋለች። አባቷ አቶ አስማረ ጀዊ የስደተኞች መጠለያ ጣቢያ የሚሠሩ የጤና መኮንን ናቸው፤ ጥብቅ፣ ቁጥብ፣ ስማቸውን እንደ ዓይናቸው የሚጠብቁ ሰው። መኪና አጣቢ መሆንህ ለአባቴ ምንም አይደለም፣ እሱ የሚፈራው የሰው አፍ ነው ብላዋለች ቤርሳቤ።

«…ሌሊት ስልክና ሞተር እየነጠቁ፣ ቀን ቀን ወንዝ ዳር ተኝተው የሚውሉ እነዚህ ወጣቶች የከተማዋ ስጋት ሆነዋል…» ይላል የአይናለም ድምፅ፣ ለስላሳና የተረጋጋ። በዚያ ድምፅ ሥር ባሮ ታየ፣ ድልድዩ ታየ፣ ቀጥሎ አሸብር ታየ። በባልዲ ውኃ ቀድቶ ቀና ሲል፤ ላቡን በክንዱ ሲጠርግ፤ ከኋላው ጓደኞቹ ሲያጥቡ፤ ወደ ካሜራው ፈገግ ሲል። ምስሉን አዘግይተውት ስለነበር ፈገግታው ረዘመ፤ ሲረዝም ደግሞ የሌላ ሰው ፈገግታ መሰለ። የአይናለም እጅ ፀጉሯ ውስጥ ቀረ። ወይዘሮ ስንታየሁ መጀመሪያ ልጃቸውን በማየታቸው ደስ ብሏቸው «አሹዬ፣ አንተ ነህ እኮ» አሉ። የሚባለውን የሰሙት ከዚያ በኋላ ነው። ሪሞቱን አነሱና፣ ልጃቸው እየተናገረች፣ ድምፁን ቀነሱ። እንዲህ አድርገው አያውቁም።

በጣቢያው የሥራ ልማድ ድምፅ የሚሰጥ ሰው ምስል አያይም። ጽሑፉ በእጁ ይሰጠዋል፤ ግድግዳው ስፖንጅ የተለጠፈበት ጠባብ ክፍል ገብቶ ያነባል፤ ላቡን ጠርጎ ይወጣል። ምስሉን ኋላ የሚያለብሰው ኤዲተሩ ነው፤ አዲስ የተቀረጸ ከሌለው ከድሮው ማህደር ቆርጦ ይሞላል። ማንም የማይደብቀው፣ ማንም የማይጠይቀው አሠራር ነው። አይናለም ሐሙስ ዕለት ያንን ጽሑፍ ስታነብ ሐሳቧ እናቷ ለሽማግሌዎቹ ለሚሠሩት ምሳ በሚያስፈልገው በርበሬ ላይ ነበር። ማህደሩ ውስጥ ‹ወጣቶች፣ ባሮ ዳር› ተብሎ የተቀመጠው ምስል ደግሞ የእሷው ነው። ከአራት ዓመት በፊት፣ ገና ሪፖርተር ሆና ስትቀጠር፣ ሥራ ፈጣሪ ወጣቶችን ለሚያሞግስ ፕሮግራም ካሜራማኑን ጎትታ ወስዳ ያስቀረጸችው። ያን ጊዜ ወይዘሮ ስንታየሁ ጎረቤቱን ሁሉ ጠርተው ለስላሳ አጠጥተው ነበር።

«ፈገግ በል ያልሽኝ አንቺ ነሽ» አለ አሸብር፣ ዓይኑን ከቴሌቪዥኑ ሳይነቅል።

«አሹ፣ በእግዜር፣ አላየሁትም። እኔ ድምፅ ብቻ ነው የሰጠሁት።»

«አዎ» አለ። ቴሌቪዥኑ ወደ ማስታወቂያ አለፈ፤ አንዲት ሴት በሳሙና እየታጠበች ትስቃለች። አይናለም ስልኳን አንስታ መምህር መልአኩ ጋ ደወለች፤ ዝግ ነው። ቤተ ክርስቲያን ሲገቡ የሚያጠፉት ስልክ እስከ ማታ ጠፍቶ ይውላል፣ ልማዳቸው ነው። ነጠላዋን ጣል አድርጋ ልትሮጥ ስትል እናቷ «የት? መንገድ ላይ ሽማግሌ ይመለሳል?» ብለው አስቀሯት። ሦስቱም ተቀመጡ። ቬንትሌተሩ እየተንቋቋ አንዱን ሲተው ሌላውን ያበርዳል። የአሸብር ሸሚዝ ጀርባው ላይ ረጠበ፤ ግን አላወለቀውም።

ሽማግሌዎቹ ቶሎ ተመለሱ፤ በቶሎነታቸው ብቻ ነገሩ ታወቀ። ሁለቱ አዛውንቶች በር ላይ ደህና ዋሉ ብለው ወደየቤታቸው ሄዱ፤ መምህር መልአኩ ብቻቸውን ገቡ። ሁለቱንም ልጆች ፊደል ያስቆጠሩ ሰው ናቸው። ውኃ ሲቀርብላቸው ብርጭቆውን ሳይጠጡ ያዙት።

«አልተቀመጥንም» አሉ። «መቼም ሽማግሌ ጉዳዩን ሳይናገር አይቀመጥም፤ ተናግሮም ‹ከዘመድ ልማከርና ተመለሱ› ይባላል። ወጉ ይኸው ነው። አስማረ ግን ተመለሱም አላለን። ስልኩን አወጣና ፕሮግራሙን አሳየን። ‹እኔ በልጁ ቂም የለኝም፤ አላውቀውም። ይህን ድምፅ ግን አውቀዋለሁ፤ የማን ነው?› አለን። ምን እንበል?  ‹የገዛ እህቱ የመሰከረችበትን ልጅ እናንተ በምን ትመሰክሩለታላችሁ?› አለ።» ውኃውን አስቀመጡት። «ሰውዬው አልተሳሳተም እኮ። የሰማውን ነው ያለው።»

አይናለም አፈረች። የምትገባበት ጠፋት። መምህሩ ሲናገሩ አንድም ጊዜ ወደ እሷ አለማየታቸው ደግሞ ከስድብ የባሰ ነበር። አሸብር ተነሥቶ ጓዳ ገባ፣ ሸሚዙን በመስቀያ ሰቀለው፣ ቁልፎቹን እንደገና አንድ በአንድ ቆለፋቸው። በሥራ ቲሸርቱ ወጥቶ ለመምህሩ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣና ወደ ወንዙ ሄደ። ወይዘሮ ስንታየሁ ለሽማግሌዎቹ የሠሩትን ወጥ ከድነው በምድጃው ላይ ተዉት። ልጃቸውን አልተቆጧትም፤ «የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም» ብቻ ብለው፣ ያንንም ለራሳቸው እንደሚናገሩ ሆነው፣ ወደ ግቢ ወጡ።

የፕሮግራሙ ኃላፊ አቶ ጸጋአብ እሑድን የሚያሳልፈው ወንዙ አጠገብ ባለ ሆቴል፣ ማንጎ ዛፍ ሥር ነው። አይናለም ስትደርስ የተጠበሰ ዓሣ ፊቱ ቀርቦ እሾሁን በጥንቃቄ ይለቅማል። ክፉ ሰው አይደለም፤ ሠራተኛ ሲታመም መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱ ነው፣ ችግሩ ማንንም ሳያስከፋ ለመኖር መፈለጉ ነው። ነገሩን እስክትጨርስ ሰማት፤ በእውነትም አዘነ። ግን፣ አላት፣ ወንድሟ መሆኑን ኤዲተሩ እንዴት ይወቅ? ስሙ አልተጻፈ። ምስሉ ለምሳሌ ያህል መሆኑን ሕዝቡ ያውቃል። ማስተካከያ እንናገር ካልን ደግሞ፣ አለ፣ ዛሬ ለአንዱ ብንናገር ነገ ሌላው ይመጣል፤ የትኛው ምስላችን ነው ከየት እንደመጣ የሚታወቀው? ይህን ሲል ራሱ ሳቀ፤ ወዲያው ደግሞ ሳቁን ዋጠው።

«አንድ ነገር ላድርግልሽ» አለ እጁን እየታጠበ። «በሚቀጥለው ወር ‹የተመለሱ› የሚል ተከታታይ እንጀምራለን። ካልባሌ ቦታ ወጥተው ሥራ የያዙ ወጣቶችን ነው። ወንድምሽን አንደኛ እናደርገዋለን። ድሮ እንዲህ ነበር፣ አሁን ተመልሶ መኪና ያጥባል። ቆንጆ ታሪክ ይወጣዋል።»

«ከየት ነው የሚመለሰው፣ አቶ ጸጋአብ? የትም አልሄደም።»

«ይገባኛል። ግን ታሪክ እንደዚያ ነው የሚሠራው።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ በወዳጅነት፣ የኮንትራቷ ጉዳይ ሰኔ ላይ እንደሚታይ አስታወሳት። ቋሚ አይደለችም። የእናቷ የስኳር መድኃኒት የሚገዛው በዚያ ኮንትራት ነው፤ ይህንንም አቶ ጸጋአብ ያውቃል፣ ሲታመሙ ጠይቋቸዋልና።

ከሆቴሉ ወጥታ በወንዙ ዳር ስትሄድ፣ ስለ እነዚህ ልጆች በአራት ዓመት ውስጥ ያነበበችውን ሁሉ አስታወሰች። መጀመሪያ ሥራ ፈጣሪዎች ነበሩ። ከተማው የተረበሸ ጊዜ የአፍራሽ ኃይሎች መጠቀሚያ ሆኑ። ባሮ ሞልቶ ቤት ሲወስድ አሮጊት በጀርባቸው ያወጡ በጎ ፈቃደኞች ተባሉ፤ ጎርፉ ሲጎድል ተረሱ። ዘንድሮ ስጋት ሆኑ፤ በሚቀጥለው ወር ደግሞ የተመለሱ ሊሆኑ ነው። ሁሉንም ያነበበችው እሷ ናት፣ በዚያው በለስላሳው ድምጿ። ልጆቹ ግን ይኸው ድሮ በነበሩበት ዛፍ ሥር፣ በዚያው ባልዲና በዚያው የውኃ ጎማ፣ ባጃጅ ሰማንያ ብር ሞተር ሃምሳ ብር ያጥባሉ።

አሸብር አንዲት ባጃጅ ላይ ጎንበስ ብሎ ጎማዋን ይፈገፍጋል። ባልንጀራው፣ ኮት የሚባለው ረጅም ኑዌር፣ የውኃ መሳቢያዋን ጀነሬተር ይጎትታል። የባጃጁ ሾፌር ዛፉ ሥር ተቀምጦ ጫቱን እየቀነጠሰ «እጠቧት እንጂ፤ ስትጨርሱ ግን ጎማዋን ተዉልኝ» ይላል። ክፋት የለበትም፤ እንዲሁ የእሑድ ጨዋታ ነው። አሸብር ሳቀለት። አይናለም ያንን ሳቅ አየችው። ከዚህ በኋላ ስንት ጊዜ እንዲህ ሊስቅ ነው?

«አንቺ ጋዜጠኛ» አለ ኮት ሲያያት። ተቆጥቶ እንደሁ ከፊቱ አይታወቅም። «ድሮ ጀግና አላችሁ። አሁን ሌባ አላችሁ። እኔ ምንም አልቀየርም። ውኃ ያው ውኃ ነው፣ ባልዲ ያው ባልዲ ነው።»

«ተዋት፣ ኮት» አለ አሸብር። እጁን በሱሪው ጠርጎ ወደ እህቱ መጣና ዳር ይዘው ቆሙ። ከታች ሴቶች ልብስ ያጥባሉ፤ አንዲት ጀልባ ዓሣ ይዛ ትጠጋለች። «ጸጋአብ ጋ ሄደሽ ነበር?» አለ፤ በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች። የተባለችውን ስትነግረው፣ ‹የተመለሱ› የሚለውን ሲሰማ በአፍንጫው ተነፈሰ። «እታለም፣ ምንም አታድርጊ። እማዬ የምትኖረው በአንቺ ነው። እኔ ነገ ጠዋት በመጀመሪያው መኪና አቦቦ እሄዳለሁ፤ አልዌሮ አካባቢ ሩዝ እርሻ ላይ ሰው ይፈልጋሉ። እዚያ ቴሌቪዥን የለም።»

«ቤርሳቤስ?»

«ደውላ ነበር። አለቀሰች። አባትሽን እንቢ በዪ ልበላት?» ወደ ባጃጇ ተመለሰ። ጥቂት ሄዶ ዞር አለ። «አላየሁም ስትይ አምኜሻለሁ። የከፋኝ እሱ አይደለም። ባታይስ፣ እኛን እኮ ታውቂን ነበር።»

አይናለም ወደ ወንዙ ዞረች። ባለጋራ ቢናገራት ትሟገተው ነበር። ይህ ግን እውነት ነው፤ እውነትነቱ ነው ያንገበገባት። ‹ቀን ቀን ወንዝ ዳር ተኝተው የሚውሉ› የሚለውን ስታነብ ወንዝ ዳር የሚውለው ማን እንደሆነ ታውቅ ነበር። አንድ ጊዜ እንኳ ምላሷ አልተሰናከለም።

የማታውን ዜና የምታነበው በቀጥታ ነው። ስትደርስ የጣቢያው ጀነሬተር እንደወትሮው ይንደቀደቃል፤ መብራት ኖረም አልኖረም በዜና ሰዓት ይነሳል፣ የከተማውን መብራት የሚያምን የለምና። ፊቷን ተቀባች፣ ኮቷን ደረበች። ወረቀቱ ላይ ስለ ወባ አጎበር ሥርጭት፣ ስለ አንድ ስብሰባ፣ ስለ ስፖርት ተጽፏል። ቀይዋ መብራት በራች። አንዱንም ሳታደናቅፍ አነበበች፤ እንዲያውም ያን ማታ ከወትሮው የበለጠ አማረላት። ሁሉ ካለቀ በኋላ ወረቀቶቹን ሰብስባ፣ ደህና አምሹ በምትልበት ቦታ፣ ካሜራውን አየችው።

«ዜናውን ያነበብኩላችሁ አይናለም ነኝ» አለች፤ «ቅዳሜ ማታና ዛሬ ጠዋት በድምፄ በተላለፈው ፕሮግራም ላይ ያያችሁት ወጣት ወንድሜ አሸብር ነው። ሌባ አይደለም። ምስሉ ከአራት ዓመት በፊት ሥራ ላይ ሳለ የተቀረጸ ነው፤ ያስቀረጽኩትም እኔ ነኝ። ከእሱ ጋር የታዩት ጓደኞቹም በላባቸው የሚኖሩ ናቸው። ሳላይ ስላነበብኩት ይቅርታ እጠይቃለሁ። ደህና አምሹ።»

ቀይዋ መብራት ጠፋች። ከመስተዋቱ ወዲያ ያሉት ባለሙያዎች ፈዘው ያዩዋታል። ኮቷን አወለቀች፤ የሆነው ይሁን የሚል ሰላም ደረቷ ውስጥ ገብቶ ነበር። ኮሪደሩ ላይ ሳለች አቶ ጸጋአብ ደወለ። አልጮኸም። «ለምን እንዲህ ታደርጊኛለሽ?» አለ እንደተጎዳ ሰው። «ነገ ጠዋት ቢሮ እፈልግሻለሁ። ድጋሚው ላይ እንዲቆረጥ ነግሬያለሁ።» ያያት ከሆቴሉ ሆኖ መሆን አለበት፤ መብራት ቢጠፋም እዚያ ትልቅ ጀነሬተር አላቸው። ይህ የገባት ከበሩ ስትወጣ ነው። ደጁ ድቅድቅ ጨለማ ነበር። ከድልድዩ እስከ ገበያው፣ ከገበያው እስከ እነሱ ሰፈር፣ አንድ አምፖል እንኳ አይታይም።

«መብራት መቼ ጠፋ?» ስትል ዘበኛውን ማቻርን ጠየቀች።

«ቆይቷል፤ ፀሐይ ሲገባ። ሁሉም ሰፈር የለም» አለ ማቻር። ከኋላው፣ በጥበቃ ክፍሉ፣ ከጣቢያው ጀነሬተር የተቀጠለች ትንሽ ቴሌቪዥን ትበራለች። «እኔ አየሁሽ» አላት። «ወንድም ነው እንዴ? ነገ ይደግማል?»

«አይደግምም።»

ማቻር ምላሱን መጠጠ። አይናለም በሩ ላይ ቆመች። ሳቋ መጣ፤ ከሳቁ ጋር እንባ መጣ። ለስድቡ ቅዳሜ ማታ ግማሹ ከተማ መብራት ነበረው፤ ጠዋት ሲደገምማ ሁሉም ሰፈር በርቶ ነበር። ይቅርታዋን ግን ከስቱዲዮው ውጭ የሰማው አቶ ጸጋአብና ዘበኛው ብቻ። ሥራዋንም ሰጥታበታለች። አንድ ጊዜ ወደ ቤቷ መንገድ ጀመረች፤ እናቷ በሻማ ተቀምጠው፣ ልጃቸው ዛሬ ምን እንዳነበበች ሳያውቁ እየጠበቋት ነው፤ አሸብርም ልብሱን እያጣጠፈ ይሆናል። ከዚያ ቆመችና የስልኳን መብራት አብርታ በሌላኛው መንገድ ታጠፈች።

የአቶ አስማረ ግቢ በር ቆርቆሮ ነው፤ ስታንኳኳው ጎረቤት ሁሉ ሰማ። ውሻ ጮኸ። ከውስጥ «ማነው?» አሉ።

«አይናለም ነኝ፣ የአሸብር እህት።»

የመቀርቀሪያ ድምፅ ተሰማ። ከዚያ በሩ ተከፈተ። አቶ አስማረ በሽርጥና በካናቴራ ናቸው፤ ባትሪያቸውን ወደ መሬት ይዘዋል። ከኋላቸው በረንዳው ላይ ቤርሳቤ ቆማለች፤ ፊቷ በጨለማው አይለይም።

«ከደጅማ አትቁሚ» አሉ ለወጉ። «ግቢና ተቀመጪ።»

«አልቀመጥም፣ ጋሼ። ሽማግሌ አይደለሁም፤ ግን ሰምተው እስኪመልሱልኝ ቆሜ ነው የምናገረው።»

የባትሪውን ብርሃን ወደ እግሯ አዞሩት። ነጠላ ጫማዋ በአቧራ ነጥቷል። «እኛ ዛሬ ማታ አልሰማንሽም፤ መብራት የለም» አሉ። «ምን ልታነቢልን መጣሽ?»

«አላነብም» አለች። «ያየሁትን ልነግርዎት ነው።»

 አቶ አስማረ ወንበር አልሳቡላትም፤ በሩንም አልዘጉም። በረንዳው ላይ ቤርሳቤ አንድ ደረጃ ወረደች።

«ንገሪኝ» አሉ።

 አይናለም አፏን ስትከፍት ድምጿ ተንቀጠቀጠ፤ ማይክ ፊት እንዲህ ሆኖባት አያውቅም። «ከአራት ዓመት በፊት ባልዲ ይዞ ሲሠራ አየሁት» አለች፤ «ፈገግ በል ያልኩትም እኔ ነኝ።»